ጉዳዩ፦ የቼሪ አበባ ስለምናይበት ቅዳሜ

ለተማሪዎቻችን ወላጆች፣ በያላችሁበት

ጤና ይስጥልን። በዚህ ጸደይ ልጆቹን ዋሽንግተን ዲሲ፣ ታይዳል ቤዚን ወደሚባለው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ዳር ወስደን የቼሪ አበባ ልናሳያቸው ነው። ብዙዎቻችሁ ለከተማው አዲስ ስለሆናችሁ ዘርዘር አድርገን ጽፈናል።

ቀኑን ገና አልቆረጥንም። አበባው አብዛኛውን ጊዜ በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ይፈካል፤ ነገር ግን በ1990 በማርች 15፣ በ1958 ደግሞ በኤፕሪል 18 የፈካበት ጊዜ አለ። የፓርኩ ሠራተኞች ሙሉ በሙሉ ፈካ የሚሉት ዮሺኖ ከተባለው ዝርያ 70 በመቶው ሲከፈት ነው። እምቡጡ አብጦ ነጭ ከሆነ በኋላ ለዚያ ከ4 እስከ 6 ቀን ይቀረዋል። እዚያ ደረጃ ሲደርስ ቅዳሜውን እናሳውቃችኋለን። ብርቱ ንፋስና ዝናብ ከመጣ ቶሎ ስለሚረግፍ፣ ጥሪው አጭር ቢሆን አትቀየሙን።

መኪና ይዛችሁ አትምጡ። መንገድ ይዘጋል፣ ማቆሚያም አይገኝም፤ ታክሲ የምትነዱ ወላጆች ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ። የምንገናኘው ጠዋት 2፡00 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 8፡00) ላንፋንት ፕላዛ የሜትሮ (የከተማ ባቡር) ጣቢያ፣ ከመውጫው በር ውጭ ነው። ለአበባው የሚቀርበው ስሚዝሶኒያን ጣቢያ ቢሆንም ሕዝቡ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ስለሆነ መወጣጫው ይጨናነቃል። ከሲልቨር ስፕሪንግ የምትመጡ በቀይ መስመር ጋለሪ ፕሌስ ድረስ፣ ከዚያ በአረንጓዴ ወይም በቢጫ፤ ከአሌክሳንድሪያ የምትመጡ በቢጫ በቀጥታ። የሜትሮ መክፈያ የሆነው ስማርትሪፕ ካርድ ወይም በማስጠጋት የሚከፈልበት የባንክ ካርድ ለየሰው አንድ ያስፈልጋል፤ ባልና ሚስት በአንድ ካርድ መግባት አይችሉም። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከከፋይ አዋቂ ጋር በነጻ ይገባሉ። የመመለሻውንም ሒሳብ ቀድማችሁ ሙሉ፤ ስንመለስ የማሽኑ ሰልፍ ረጅም ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበን ውሃው ነው። የእግረኛው መንገድ በውሃው ዳር ያልፋል፣ በአብዛኛው አጥር የለውም፤ ሰው ፎቶ ለማንሳት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ከጎኑ ያለውን ልጅ ሊገፋ ይችላል። ስለዚህ አዋቂ በውሃው በኩል፣ ልጅ በዛፉ በኩል ሆኖ እጅ ለእጅ ተያይዞ ይሄዳል። የመንታ ልጆች ጋሪ በሕዝቡ መካከል አያልፍም፤ ሕፃን ያላችሁ እዘሉ። ሰው ሲበዛ ስልክ እንቢ ስለሚል ቁጥራችሁን በልጁ ክንድ ላይ በእስክርቢቶ ጻፉለት። የጠፋ ልጅ ባለበት ቆሞ፣ ሰፊ ክብ ባርኔጣና ግራጫ ሸሚዝ የለበሰ የፓርክ ጠባቂ ይጥራ። የተነጣጠልን የምንገናኘው በጄፈርሰን መታሰቢያ ደረጃ ላይ ነው፤ መጸዳጃ ቤትም እዚያው አለ።

ቅርንጫፍ መሳብ፣ አበባ መቅጠፍና ዛፍ ላይ መውጣት ክልክል ነው። ሥሩ ላይ ያለው አፈር ሲረገጥ ስለሚጠጥር ዛፉ ውሃ ያጣል፤ ምንጣፍ የምናነጥፈው ራቅ ብለን ሣሩ ላይ ነው። ልጆቹ አበባውን ቀረብ ብለው የአበባ ቅጠሎቹን እንዲቆጥሩ እንፈልጋለን፤ የዮሺኖ 5 ነው፣ ነጭ ሆኖ ሮዝ ይነካካዋል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ የሚፈካው ክዋንዛን የተባለው ዝርያ ግን ደማቅ ሮዝ ነው፣ 30 ያህል የአበባ ቅጠል አለው። በ1910 ከጃፓን የመጡት 2,000 ችግኞች ተባይና በሽታ ስለተገኘባቸው ተቃጠሉ፤ በ1912 ቶኪዮ በምትካቸው 3,020 ላከች። ይህን መምህራን በክፍል አስቀድመው ይነግሯቸዋል።

ወቅቱ ዐቢይ ጾም ላይ ሊውል ስለሚችል የምናዘጋጀው ዳቦ፣ ቆሎና ብርቱካን ብቻ ነው። ለየልጁ ውሃና ጃኬት ያዙ፤ ውሃው ዳር ጠዋት ይበርዳል። ከቀኑ 5፡00 ሰዓት (በአሜሪካ አቆጣጠር 11፡00) ሕዝቡ ሳይበዛ እንመለሳለን። የፈቃድ ቅጹን ፈርማችሁ በሚቀጥለው ቅዳሜ በልጃችሁ በኩል ላኩልን።

ከአክብሮት ጋር
ርእሰ መምህር