ካርቶን፣ ጭድና የእንግጫ ነገር
የአካባቢ ጥበቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

መስከረም ላይ ስንመለስ ግቢያችን በአረም ተውጦ ጠበቀን። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለው የአትክልት ቦታማ መደቡና መንገዱ አይለይም ነበር። አንድ የክበባችን አባል «ቲቸር፣ መድኃኒት ይረጭበትና እንገላገል» አለኝ። ቀላሉ መንገድ እሱ ነበር።

እኔ ግን አምና የሆነውን አልረሳሁም። ከአጥሩ ማዶ ቱ ፎር ዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት ከተረጨ ከጥቂት ቀናት በኋላ የቲማቲማችን ቅጠል ተጠማዞ፣ ተጠቅልሎ ቀረ። ቱ ፎር ዲ ቅጠለ ሰፋፊውን ይገድላል፣ ሣሩን ይተወዋል። ገበሬው ስንዴና ጤፍ ላይ የሚረጨውም ለዚህ ነው። ቲማቲም ደግሞ ነፋስ ያመጣለት ትንሹም ይበቃዋል። ከዚህ በላይ የሚያስፈራኝ ጄሪካኑ ነው። የመድኃኒት ጄሪካን ታጥቦ ውኃ ሲቀዳበት በዓይኔ አይቻለሁ። ልጆች በሚውሉበት ግቢ እንዲገባ አልፈለግሁም። ስለዚህ ዘንድሮ ያለ ኬሚካል እንሞክረው ተባባልን።

ጥቅምት ላይ 1 ሜትር በ1 ሜትር የሆኑ አራት ቦታዎች በሲባጎ ከለልን። አንዱ አቼቶ፣ አንዱ የፈላ ውኃ፣ አንዱ ካርቶንና የጤፍ ጭድ ደረሰው። አራተኛውን በእጅ አረምነው። የፈላውን ውኃ ያፈሰስነው እኔና የጥበቃው አባባ ነን፤ ልጆቹ ራቅ ብለው ይመዘግቡ ነበር።

አቼቶው መጀመሪያ አስጨበጨበ። ፀሐይ በወጣበት ጠዋት የተረጨው ቅጠል በማግስቱ ቡናማ ሆኖ አደረ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሰርዶው ከሥሩ አዲስ ቅጠል አወጣ። የቤት አቼቶ አሲዱ 5 በመቶ ግድም ነው። የነካውን ቅጠል ያቃጥላል እንጂ ሥር ድረስ አይወርድም። ሁለት ቅጠል ብቻ ባወጣ ቡቃያ ላይ ግን በደንብ ይሠራል። የፈላ ውኃም ከኮብልስቶን ስንጥቅ ለሚወጣ አረም ጥሩ ነው። መደብ ላይ ከፈሰሰ የምድር ትሉንም አብሮ ይቀቅላል።

በጨው ነገር ብዙ ተከራከርን። አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ አቼቶ ላይ ጨውና የዕቃ ሳሙና ካልገባ አይሆንም አለ። ዝም ብዬ እምቢ ማለት አልፈለግሁም። በሁለት የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ አፈር ሞላን፤ አንዱ ውስጥ ጨው ጨመርን። ሁለቱም ላይ አምስት አምስት የበቆሎ ፍሬ ዘራን። ጨው የሌለበት በቀለ። ከጨዋማው አንድም አልወጣም። ልጁ ቆርቆሮውን ገልብጦ ፍሬዎቹን በጣቱ እየፈለገ አወጣቸው። እንደ ነበሩ ናቸው፤ አንዱም አላጎነቆለም። ቆርቆሮውን ይዞ ለክፍሉ ልጆች ያሳየው ራሱ ነው።

ያሸነፈው ካርቶን ነው። ፕላስተሩን ልጠን፣ ካርቶኑን አርጥበን፣ ጫፍ ለጫፍ ደራርበን አነጠፍነው። ከላይ ግማሽ ስንዝር የሚሆን ጭድ ጎዘጎዝንበት። የካቲት ላይ አንዱን ጥግ ስንገልጥ ከሥሩ ነጭ ክር የመሰለ የሞተ ሣርና ጥቁር፣ እርጥብ አፈር አገኘን። አረም ባዶ አፈር ይወዳል። ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ስለሚረጭ ነገር ማውራት ትተው ካርቶን መልቀም ያዙ። በእጅ የታረመውም አላሳፈረንም፤ ውኃ አጠጥተን፣ አረሙ ሳያብብ ነበር የምንነቅለው።

ያልተበገረን እንግጫ የሚባለው ሣር መሳይ አረም ብቻ ነው። ካርቶኑን እንደ መርፌ ወግቶ ወጣ። ከጎጃም የመጣች የ7ኛ ክፍል ልጅ አለችን። በአገሯ ለእንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ተሰብስበው እየዘፈኑ እንግጫ እንደሚነቅሉ አጫወተችን። «ለበዓል የምንነቅለውን እዚህ ጠላት አደረጋችሁት» ብላ ሳቀች። አብረን ስንቆፍር ሥሩ ላይ ሽምብራ የሚያህሉ እብጠቶች አገኘን። ከእያንዳንዱ እብጠት ሌላ እንግጫ ይበቅላል። ላዩን ብንበጥሰው ዋጋ የለውም ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ በየምሳ ሰዓቱ በጣቷ እየፈለፈለች ታወጣዋለች።

ከአጥር ውጪ ፓርተኒየምም አግኝተናል፤ አንዳንዱ ሰው ቅንጬ አረም ይለዋል። አንዱ ተክል ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊጥል ይችላል። ቆዳም ያሳክካል። ስለዚህ ጓንት አድርገን፣ ሳያብብ ነቀልነው።

አሁን ሰኔ ነው። ልጆቹ ከየሰፈራቸው ሱቅ ካርቶን ተሸክመው መጥተው መደቦቹን ለክረምቱ ሸፍነዋል። የጥበቃው አባባ ነፋስ የገለጠውን እመልሳለሁ ብለዋል። የእንግጫውን ጥግ ግን ሳንሸፍን ትተነዋል። የጎጃሟ ልጅ ክረምቱን እዚሁ አክስቷ ጋ ነው የምታሳልፈው፤ በየሳምንቱ እየመጣሁ እነቅለዋለሁ ብላለች።