ስለ 8ኛ ክፍል የስንብት መጽሔት ፎቶ ለወላጆች የተላከ ደብዳቤ

ግንቦት 2017 ዓ.ም.
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፦

እንደምን ሰነበታችሁ? ከተማ አቀፍ ፈተናው ስለተቃረበ ቅዳሜም ማጠናከሪያ ትምህርት አለ። ክፍያ የቀረባችሁም አጠናቁ። አሁን ወደ ፎቶው ልምጣ።

ናሙናው በቴሌግራም ከተላከላችሁ ጀምሮ ስልኬ አላረፈም። «የልጄ ፍንጭት ይደፈንልኝ።» «ጆሮው ትንሽ ጠጋ ይበል።» «ጠቁራለች፣ ቀላ አድርጓት።» አንድ ወላጅማ የሌላ ልጅ ፎቶ ልከው «እንደዚህ ይሁንልኝ» ብለዋል። ምን ብዬ እንደምመልስ እስካሁን ግራ ገብቶኛል።

ውሳኔያችን ይህ ነው፤ መጽሔቱ ላይ የሚወጣ ፎቶ ኤዲት አይደረግም።

«የከፈልነው እኛ ነን» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ። የከፈላችሁት ግን ለልጃችሁ ፎቶ ነው። «ፎቶ ቤት ሁሉ ያሳምር የለ እንዴ?» ትሉ ይሆናል። ያሳምር! ለሳሎናችሁ የፈለጋችሁትን አሠሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

በነገራችን ላይ መጀመሪያ እሺ ብለን ነበር። መንታ ወንድማማቾች አሉን። የሚለዩት አንደኛው ቅንድቡ ላይ ባለው ጠባሳ ብቻ ነው። አባታቸው ጠባሳው ይጥፋ አሉ፣ ፎቶ አንሺው አጠፋው። ከዚያ የቱ ስም ከየቱ ፎቶ ሥር እንደሚጻፍ ጠፋን። የክፍል ኃላፊዋ አላወቁም፣ እኔም አላወቅሁም። አባትየውን ቢሮ ጠራናቸው። ሁለቱን ፎቶ አቅርበው አዩ፣ አርቀው አዩ፣ በመጨረሻ «እናታቸው ትምጣ» አሉ። (ይህን የጻፍኩት አስፈቅጄያቸው ነው። እየሳቁ ነው የፈቀዱልኝ።)

ስለ ጥርስም ልናገር፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔም ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ልጅ ጥርሱ ቡናማ ስለሆነ ሰልፍ ላይ «ለምን አትፋቅም?» ብዬ ተቆጥቼዋለሁ። ልጁ ያደገው መተሐራ ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የጉድጓድ ውኃው ፍሎራይድ ይበዛበታል። ጥርስ ገና ድድ ውስጥ እያለ ያ ውኃ ሲጠጣ ቀለሙ ይለወጣል፤ ቢፍቁት አይለቅም። ልጁ ከእኔ በላይ ይፍቅ ነበር። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፣ ግን የተቆጣሁት በሰልፍ ፊት፣ ይቅርታ የጠየቅሁት ቢሮ ውስጥ ነው። አሁንም ይቆጨኛል።

«ልጄ ላይ ይስቁባታል» የሚለውን ስጋት አልንቅም። አገጯ ላይ ለምጽ የወጣባት ተማሪ እናት ያሉኝ ይህንኑ ነው። የሚጋባ መስሏቸው ከአጠገቧ የሚነሱ ልጆች ነበሩ። ለምጽ አይጋባም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ሲጠፉ የሚመጣ ነው። የሳይንስ መምህሩ ይህንን ክፍል ገብተው አስረዱ፣ አሁን አጠገቧ የሚቀመጥ አለ። ለምጹን ከፎቶዋ ላይ ብናጠፋው ኖሮ ግን ልጅቷ ነገ በዚያው ፊቷ ነበር የምትመጣው።

ከሁሉ የከነከነኝ የፍንጭቷ ነገር ነው። ፍንጭት እኮ እዚህ አገር ሲዘፈንለት የኖረ ነው! የዚህች ልጅ ሳቅ ከሦስተኛ ፎቅ ይሰማ ነበር። እናቷ ስለ ጥርሷ በስልክ ሲነግሩኝ አጠገባቸው ሆና ሰምታለች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። «እሷ ራሷ ናት አስተካክሉልኝ ያለችው» የምትሉ ወላጆች፣ እባካችሁ መጀመሪያ ያለው ማን እንደሆነ አስታውሱ። በክፉ አይደለም የምለው። ለልጃችሁ ክፉ እንደማታስቡ አውቃለሁ።

«አንተስ?» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። ፎቶ አንሺው ሳልጠይቀው መላጣዬን ፀጉር አልብሶልኝ መጥቶ ነበር። አንድ ሌሊት አሳድሬ እያየሁት ደስ ብሎኝ እንደነበር አልዋሽም። ጠዋት መለስኩለት። ገጽ 1 ላይ ከነመላጣዬ ታገኙኛላችሁ።

ዓይናቸውን የጨፈኑ 4 ልጆች ሐሙስ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በድጋሚ ይነሳሉ። አምስተኛ አለ የሚል ወላጅ ካለ፣ ዓይኑ መጨፈኑን እኔ ራሴ አያለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር