የሥነ ሕይወት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ እሳቱን የሚያዳፍኑ ፕሮቲኖች

ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ርዕስ አንድ ብቻ ነበር፤ ቫይረስን የሚከላከሉ የሰውነታችን ፕሮቲኖች ብግነትን፣ ማለትም ሰውነት ሲታገል የሚመጣውን መቅላት፣ ማበጥና ትኩሳት፣ እንዴት ይቆጣጠራሉ? ከ11ኛና ከ12ኛ ክፍል የተመዘገቡ 36 ተማሪዎች ረቡዕ ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሲሠሩበት ከርመዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት መሠረት የማስያዣ ነበሩ። ቫይረስ ህዋስ ውስጥ ሲገባ ሪግ-አይ የተባለው ፕሮቲን የቫይረሱን አርኤንኤ ይለያል፤ መልእክቱም በሁለት መንገድ ይሄዳል። በአንዱ ኢንተርፌሮን ይመረታል፣ በሌላው ደግሞ ኤንኤፍ-ካፓቢ በተባለ ጂን የሚያነቃ ፕሮቲን አማካይነት ብግነት ይነሣል። በ1957 እ.ኤ.አ. ሳይንቲስቶቹ አይዛክስና ሊንደንማን በዶሮ እንቁላል ሽፋን ላይ ያገኙት ኢንተርፌሮን ለጎረቤት ህዋሳት አደጋውን ያሳውቃል፤ እነሱም በመቶ የሚቆጠሩ ጂኖችን ያነቃሉ። ከእነዚህ ጂኖች ከሚመረቱት ፕሮቲኖች መካከል ፒኬአር የፕሮቲን ምርትን ያስቆማል፤ አርኤንኤዝ ኤል አርኤንኤን ይቆራርጣል። ይህን ሁሉም ቶሎ ያዙት።

የከበዳቸው የኢንተርፌሮኑና የብግነቱ ማቆሚያ ነው። የደሴ ብርድ ያስተማረው ሰው ማታ ፍሙን አያጠፋም፤ አመድ አልብሶ ያዳፍነዋል። ቶሎ ካዳፈነው ወጡ ሳይበስል ይቀራል፤ ጨርሶ ከረሳው ቤቱን ያቃጥላል። ይህን ለማሳየት ሜዳው ላይ በጠመኔ 6 በ6 ሠንጠረዥ ተሰመረ፤ በየሳጥኑ አንድ ተማሪ ቆመ። ሽምብራ ቫይረስ፣ ባቄላ ኢንተርፌሮን፣ ዛላ በርበሬ ብግነት ሆነ። የታመመው በየዙሩ አንድ ሽምብራ ለአንድ ጎረቤት፣ ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ደግሞ ባቄላ ለጎረቤቶቹ ሁሉ ይሰጣል። ባቄላ የያዘ ሽምብራን መመለስ ይችላል፤ ነገር ግን በየዙሩ አንድ በርበሬ ይቀበላል፤ ሦስት የሞላለት ይቀመጣል። ነጭ ጨርቅ ክንዱ ላይ ያሰረ ባቄላም በርበሬም አይቀበልም።

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ፤ ባቄላ የደረሰው ሁሉ ለሌላው እንዲያስተላልፍ በመፈቀዱ ሜዳው በጥቂት ዙር ባቄላ ብቻ ሆነ። ሕጉ የታመመው ብቻ እንዲሰጥ ተብሎ ተስተካከለ። ጨርቁም መጀመሪያ ወረቀት ነበር፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ በተነው። ከዚያ በኋላ ልዩነቱ በዓይን ታየ። ጨርቅ በሌለበት ቫይረሱ ቆመ፣ ግን ብዙዎች ተቀመጡ። ጨርቁ ገና ከመነሻው ሲታሰር ሽምብራው እስከ ጥግ ደረሰ። ከሁለት ዙር በኋላ ሲታሰር ግን የቆመው ሰው ከሁሉም በለጠ።

ጨርቁ ዩኤስፒ18ን ይወክላል። ይህ ፕሮቲን የኢንተርፌሮን ተቀባይ ላይ ተጣብቆ መልእክቱን ያበርዳል፤ እሱ ራሱ እንዳይፈርስ ደግሞ የሚደግፈው አይኤስጂ15 ነው። ሁለቱንም የሚያስመርታቸው ያው ኢንተርፌሮን መሆኑ ለእኛ የዓመቱ ትልቅ ትምህርት ነበር። አይኤስጂ15 የሌላቸው አይጦች ለኢንፍሉዌንዛ ይጋለጣሉ። ከተወለዱ ጀምሮ የሌላቸው ሰዎች ግን በቫይረስ እንደ አይጦቹ አይጠቁም፤ ኢንተርፌሮናቸው ሳይበርድ ይቆያል፣ አንጎላቸው ውስጥም ካልሲየም ይጠራቀማል። በ2012 እ.ኤ.አ. የታወቁት ከቢሲጂ፣ ማለትም ክንድ ላይ ከሚሰጠው የሳንባ ነቀርሳ ክትባት፣ በኋላ በደረሰባቸው ሕመም ነው። ተማሪዎቹ የየራሳቸውን የክንድ ጠባሳ እየነኩ ያነበቡት ክፍል ይህ ነበር።

በግድግዳ ጋዜጣው ላይ «ብግነት በሽታ ነው» ተብሎ የተጻፈው ታርሟል፤ ብግነት የሰውነት ሥራ ነው፣ ጉዳቱ ሳይቆም ሲቀር ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተደረገው፣ ብግነትን የሚያበርደው የዴክሳሜታሶን መድኃኒት ጥናትም ከሜዳው ጨዋታ ጋር ገጠመ። መድኃኒቱ ኦክስጅን የሚያስፈልጋቸውን የኮቪድ ሕሙማን ሞት ቀነሰ፤ ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን አልጠቀመም።

ለሚቀጥለው ዓመት የኢንፍሉዌንዛው ኤንኤስ1፣ ማለትም ኢንተርፌሮን እንዳይመረት የሚያደርገው የቫይረሱ ፕሮቲን፣ በቢጫ ጨርቅ ይጨመራል። ሽምብራውና ባቄላው እንዳይነቅዝ በፀሐይ ደርቆ ክዳኑ በጠበቀ ጣሳ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተቀምጧል።