ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ፦ ሰው ለጥላቻ ድምፁን የሚሰጠው ለምን እንደሆነም አስተምሩን

ለተከበራችሁ የቦርዱ ሰብሳቢና አባላት፣

ጉዳዩ፦ የመራጮች ትምህርትን ይመለከታል

ከደብረ ማርቆስ ነው የምጽፍላችሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ልመናዬ አንድ ነው። የመራጮች ትምህርታችሁ ላይ አንድ ርዕስ ጨምሩልን።

እኔ ባየሁት መጠን ትምህርቱ የሚያተኩረው አሠራሩ ላይ ነው። ካርድ እንዴት እንደሚወሰድ፣ ምልክቱ የት እንደሚደረግ፣ ወረቀቱ እንዴት ታጥፎ ሳጥን ውስጥ እንደሚገባ ይነግረናል። ይሄ ያስፈልጋል። ግን ጤነኛ ሰው፣ ልጆች የሚያሳድግ፣ ከጎረቤቱ ጋር ቡና የሚጠጣ ሰው፣ አንድ ቀን ተነስቶ ድምፁን ለጥላቻ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ ማንም አይነግረንም።

ተማሪዎቼ ይህን የሚጠይቁኝ ስለ አውሮፓ ሲያወሩ ነው። ብዙዎቹ እዚያ ዘመድ አላቸው። ዘመዶቻቸው ደውለው፣ ስደተኛን እናባርራለን የሚሉት ፓርቲዎች ድምፅ እያፈሱ ነው ይሏቸዋል። እውነታቸውን ነው። የጣሊያኗ ጆርጂያ ሜሎኒ ፓርቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ያገኘው ከመቶ አራት ገደማ ነበር። በ2022 26 ከመቶ አግኝቶ መንግሥት መሠረተ። (ስለ አውሮፓ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ፈረንሳይ ውስጥ አባትየው ዣን ማሪ ለፔን በ2002 በሁለተኛው ዙር 18 ከመቶ እንኳ አልሞሉም። ልጅየዋ ማሪን ለፔን ከ20 ዓመት በኋላ ከ41 ከመቶ በላይ አገኘች። ኦስትሪያ ውስጥ በ2024 ቀኝ አክራሪው ፓርቲ አንደኛ ወጣ። ልጆቹ ግራ ይገባቸዋል። «ቲቸር፣ እነዚህ የተማሩና የጠገቡ ሰዎች እንዴት እንዲህ ያለውን ይመርጣሉ?» ይሉኛል።

ብዙ ሰው ወዲያው የሚሰጠው መልስ «ድህነት ነው» የሚል ነው። ይሄ መልስ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የሚወስደን። ጀርመንን እንይ። በ1932 እዚያ ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰው ሥራ አጥ ነበር። ግን ሥራ ያጣው ሠራተኛ በብዛት ድምፁን የሰጠው ለኮሚኒስቶች ነው። የሂትለርን ፓርቲ፣ ናዚን፣ ያገነኑት በአመዛኙ ገና የሚያጡት ነገር የነበራቸው ሰዎች ናቸው። ትንሽ መሬት ያለው ገበሬ፣ ባለ ሱቁ፣ የመንግሥት ሠራተኛው።

ከሁሉም የሚገርመኝ የሽሌስቪሽ ሆልሽታይን ታሪክ ነው። ሰሜን ጀርመን ያለ የገበሬ አገር ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የገበሬው ገቢ ወደቀ፣ ዕዳው ከበደ፣ ግብሩ ግን አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1928 ባይደንፍሌት በምትባል መንደር የሁለት ገበሬዎች በሬ በግብር ዕዳ ሊወሰድ ሆነ። በሬዎቹ እየተነዱ ሲሄዱ የመንደሩ ሰው መንገዱ ላይ ጭድ ከምሮ እሳት ለቀቀበት። በሬዎቹ ደንብረው ወደ በረታቸው ተመለሱ። ገበሬዎቹም ፍርድ ቤት ቆሙ። የገበሬ በሬ ሲነዳበት ምን እንደሚሰማው ለጎጃም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን የድምፁን ቁጥር ተመልከቱ። በዚያ ክፍለ ሀገር ናዚዎች በ1928 ያገኙት 4 ከመቶ ነበር። በ1930 27 ከመቶ ደረሱ። በሐምሌ 1932 51 ከመቶ። በአራት ዓመት ውስጥ ማለት ነው። መላው ጀርመን ውስጥ ያኔ ያገኙት 37 ከመቶ ነው፤ ገበሬው ከአገሩ ሁሉ ቀደመ። ነባሮቹ ፓርቲዎች ስለ ገበሬው ዕዳ የሚጨበጥ ነገር አልነበራቸውም። ናዚዎች ግን ጎጆው ድረስ ሄዱ። በየመንደሩ ስብሰባ ጠሩ። ችግሩን በራሱ ቋንቋ ደግመው ነገሩት። ከዚያ ጥፋተኛ አቀረቡለት። አይሁዱ ነጋዴ ነው አሉት፣ በርሊን ያለው ፓርላማ ነው አሉት። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል።

ያ ገበሬ በኋላ ምን አገኘ? ናዚዎች በ1933 ባወጡት የእርሻ ውርስ ሕግ ብዙ ባለ መሬት የገዛ እርሻውን መሸጥም ሆነ በዕዳ ማስያዝ ተከለከለ። በዚያው ዓመት በሐምሌ ሌሎች ፓርቲዎች በሙሉ በሕግ ታገዱ። ተቆጥቶ የመረጠው ሰው ሲጸጸት የሚመርጠው ሌላ አልነበረም። ለመራጭ ከዚህ የበለጠ የሚነገር ትምህርት ያለ አይመስለኝም።

ይህን ስናገር የራሳችን ታሪክ ይመጣብኛል። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም በአዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ተነሳ። ገበሬው የፈራው ብሩን ብቻ አይደለም። መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚነጠቅ መሰለው። አገረ ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን አላመናቸውም፤ ስለዚህ ስለ ግብሩ የተነገረውን ሁሉ በክፉ ተረጎመው። ሞጣና ዳሞት ታወኩ። በመጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ገዥውን አንስተው ውዝፍ ግብሩን ማሩ። ያ ገበሬ የምርጫ አማራጭ አልነበረውም፤ የነበረው ጠመንጃ ነው። ካርድ ቢኖረው ለማን ይሰጠው ነበር ብዬ አስባለሁ። ርስትህን የሚነጥቅህ እገሌ ነው፣ እኔ አስጥልሃለሁ ብሎ ደጁ ለደረሰ የመጀመሪያ ሰው ይሰጠው ነበር ባይ ነኝ። በ2015 ዓ.ም. ማዳበሪያ ሲጠፋ ገበሬው አቤቱታውን ይዞ ባሕር ዳር ድረስ መሄዱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው የሚለው የኛው ሰው ነው። ማጭድ የሚያውሱት ደግሞ ሁልጊዜ ዝግጁ ናቸው።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ልጆች ከገበታ በራቁበት አካባቢ ሆኖ ስለ ጀርመን ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። ለእኔ አይመስለኝም። ቂም የሚከማቸው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ዛሬ ላይ ያለውን አውሮፓም ከቅርብ እንየው። የአጎቴ ልጅ ቱሪንገን በሚባለው የምሥራቅ ጀርመን ክልል አረጋውያንን ትንከባከባለች። ከምትረዳቸው አንዲት አሮጊት አሉ። ጠዋት ጠዋት ፀጉራቸውን የምታበጥርላቸው እሷ ናት። ይወዷታል። የድሮ ፋብሪካቸውን ፎቶ ያሳዩዋታል፤ ጀርመን ስትዋሃድ ተዘግቶ ሁሉም የተበተነበትን። ልጆቻቸው ወደ ምዕራብ ሄደው ቀሩ። የሰፈሩ ሐኪም ጡረታ ሲወጣ የተተካ የለም፤ አውቶቡስም በቀን የሚመጣው ሁለቴ ነው። እኚህ ሴት በ2024 በክልሉ ምርጫ ስደተኛ ይውጣ ለሚለው «አማራጭ ለጀርመን» ለተባለው ፓርቲ ድምፃቸውን ሰጡ። ፓርቲው ያኔ ቱሪንገን ላይ 33 ከመቶ ገደማ አግኝቶ አንደኛ ወጣ። የአጎቴ ልጅ ብትጠይቃቸው «አንቺን አይደለም» አሏት።

ይሄው ፓርቲ በ2013 ሲመሠረት ዋና ጉዳዩ ስደተኛ አልነበረም። ዩሮን የሚቃወሙ የኢኮኖሚ ምሁራን ያቋቋሙት ነበር። ፓርላማ ለመግባት የሚያስፈልገውን 5 ከመቶ እንኳ አላገኘም። በ2015 መቶ ሺዎች ጥገኝነት ፈልገው ሲገቡ ግን አጀንዳውን ወደ እነሱ አዞረ። በ2017 ከ12 ከመቶ በላይ፣ በ2025 ከ20 ከመቶ በላይ አገኘ። እንግዲህ የስደተኛው ቁጥር ምንም ሚና የለውም ማለት አይቻልም። አለው። ግን ለፓርቲው ድምፅ ከበዛባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ስደተኛ ጥቂት የሆነባቸው፣ ወጣት የለቀቀባቸው አካባቢዎች ናቸው።

አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሁሉም የተገፋ ነው፣ ይታዘንለት እያልኩ አይደለም። እንደ ስዊድንና ኔዘርላንድስ ባሉ ሀብታም አገሮችም እነዚህ ፓርቲዎች ትልቅ ድምፅ አግኝተዋል። የሌላውን ዘር የሚንቅና ለዚያው ብሎ የሚመርጥ ሰው አለ። እሱን በትምህርት እንመልሰዋለን ብዬ አልዋሽም። እኔ የምለው ስለ ሌላው ነው፤ አኩርፎ፣ ሰሚ አጥቶ ስለሄደው። እሱ ይመለሳል። መመለሱን የሚያሳይ ጥሩ ምሳሌም አለ።

ምሥራቅ ለንደን ውስጥ ባርኪንግና ዳገንሃም የሚባል አካባቢ አለ። የፎርድ መኪና መገጣጠሚያ ነበረው፤ በ2002 መኪና መገጣጠም አቆመ። የቀበሌ ቤቶቹ ለዓመታት ሲሸጡ ቆይተው ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ በዛ። ያኔ አንድ ወሬ ተነዛ። አፍሪካውያን እዚህ መጥተው ቤት እንዲገዙ ገንዘብ ይሰጣቸዋል የሚል። ውሸት ነው። ቤት ለጠበቀ ሰው ግን ለምን እንዳላገኘ የነገረው ይሄ ወሬ ብቻ ነበር። በ2006 ቀኝ አክራሪው የብሪታንያ ብሔራዊ ፓርቲ ከምክር ቤቱ 51 መቀመጫ 12ቱን ወሰደ።

የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ ማርጋሬት ሆጅ ነበረች፤ ራሷ ግብፅ ተወልዳ ወደ እንግሊዝ የመጣች። ሰውን በየሰፈሩ በትንሽ በትንሹ ቡና እየጠራች ታነጋግር ጀመር። ስለ ቤት፣ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ መንገድ ይነግሯታል፤ የሚሠራውን ይዛ ሄዳ መልሱን ይዛ ትመለሳለች። ሌሎችም ቤት ለቤት ሠሩ። በ2010 የዚያ ፓርቲ መሪ ኒክ ግሪፊን እሷን ለመጣል ተወዳድሮ ተሸነፈ። 12ቱም መቀመጫ ተወሰደባቸው።

የፖለቲከኞቹንም ጥፋት ለመራጩ ንገሩልን። ጎጃም ፋሺዝምን የሚያውቀው በመጨረሻው ነው፤ እነ በላይ ዘለቀ በዱር በገደል የተዋጉት ሲደርስ ነው። መነሻውን አልተማርነውም። ሙሶሊኒ በ1919 ተወዳድሮ አንድ መቀመጫ አላገኘም። በ1921 ነባሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ጆሊቲ እገራዋለሁ ብሎ ከራሱ ጎራ ጋር አሰለፈውና ፋሺስቶች 35 መቀመጫ አገኙ። በቀጣዩ ዓመት ሙሶሊኒ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ሂትለርም ቢሆን በነፃ ምርጫ ከግማሽ በላይ ድምፅ አግኝቶ አያውቅም። በኖቬምበር 1932 ድምፁ ወደ 33 ከመቶ ወርዶ ነበር። እንቆጣጠረዋለን ያሉ ወግ አጥባቂዎች ናቸው በጥር 1933 ወንበሩን የሰጡት። ስለዚህ መራጩ ዕጩውን ብቻ ሳይሆን ዕጩው ነገ ከማን ጋር እንደሚሰለፍም ይጠይቅ።

እኛ ጋ የጥላቻ ንግግርን የሚከለክል አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። መልካም ነው። ግን ሕግ አፍን ይዘጋል እንጂ ኩርፊያን አያወጣም። በዚያ ላይ የእኛ የምርጫ ሥርዓት አብላጫ ያገኘ ሁሉን የሚወስድበት ነው። አንድ የምርጫ ክልል ላይ ድምፁ ለአምስት ለስድስት ከተበተነ፣ ጥቂት ያኮረፈ ሰው ያሰባሰበ ዕጩ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው። ለመራጮች በሚዘጋጀው ማስተማሪያ ውስጥ አንድ ክፍል ለዚህ ጉዳይ ስጡ። የባይደንፍሌትን በሬዎች ታሪክ ጻፉበት፤ ገበሬያችን አንዴ ሰምቶ አይረሳውም። መራጩ ዕጩን የሚጠይቃቸው ጥያቄዎችም ይግቡበት። ጥፋተኛው እገሌ ነው ካልክ፣ እሱ ሲሄድ ማዳበሪያው በስንት ብር ይገባልኛል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ያልመረጠህ ሰው ባንተ ዘመን ምን ይሆናል? ብትሸነፍ ትለቃለህ?

ክርክሩንም ከአዲስ አበባ ስቱዲዮ አውጡት። ጸጥታው በፈቀደበት ሁሉ ፍኖተ ሰላም፣ ቢቸና፣ ሞጣ፣ ቡሬ ላይ ዕጩዎች ሕዝብ ፊት ቆመው ከገበሬው፣ ከሴቶች፣ ሥራ ካጣው ወጣት ጥያቄ ይቀበሉ። የተናገሩት ተቀድቶ ይቀመጥ፤ ከምርጫው በኋላ መልሶ ይሰማ። ወሬ ሲነዛ ደግሞ አትዘግዩ። ስለ ካርድ፣ ስለ ምዝገባ፣ ስለ ቆጠራ የሚወራውን በዚያው ቀን አጣርታችሁ ተናገሩ።

የጥያቄዎቹን ረቂቅ ከተማሪዎቼ ጋር አዘጋጅቼ ልልክላችሁ ዝግጁ ነኝ። የምታወጡት ትምህርት በሬዲዮም እንዲተላለፍ አደራ እላለሁ። ኢንተርኔት የማይደርስበት ቀበሌ ብዙ ነው። ሰዓቱም ማታ፣ ገበሬው ከእርሻ ሲገባ ይሁን።

ከአክብሮት ጋር፣

የዜግነት ትምህርት መምህር
ደብረ ማርቆስ፣ ጎጃም