ልጅሽ ሴንት ክላውድ ሲመጣ

እህት ዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ስጽፍልሽ ከየት እንደምጀምር ጨንቆኛል። ምክንያት አልደረድርም። እናቴ ያረፈች ጊዜ ሦስቱንም ቀን ከለቅሶው ቤት እንዳልተለየሽ ነግረውኛል። ያኔውኑ መደወል ነበረብኝ። አልደወልኩም። ይቅር በይኝ።

የላክሽውን የድምፅ መልእክት ደጋግሜ ሰማሁት። ልጅሽ እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሴንት ክላውድ ከተማ ሊማር መሆኑን ስትነግሪኝ ብቻዬን ኩሽና ውስጥ ቆሜ እልል አልኩ። ከኔ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ግን “እዚያ ቶርኔዶ ሰው ይፈጃል ይባላል፣ እውነት ነው?” ስትዪ ድምፅሽ ተለወጠብኝ። ስለዚህ ሳልደብቅ ልንገርሽ።

አዎ፣ ቶርኔዶ፣ ያ እየተሽከረከረ ከደመና የሚወርደው አውሎ ነፋስ፣ ይመታል። እንዲያውም በሚኒሶታ ታሪክ ብዙ ሰው የገደለው የወረደው እዚያው ሴንት ክላውድና ጎረቤቷ ሶክ ራፒድስ ላይ ነው። ኤፕሪል 14 ቀን 1886። 72 ሰው ሞተ። ሚሲሲፒን ሲሻገር የወንዙ ወለል ታይቶ ነበር ብለዋል ያዩት። ራይስ የምትባል መንደር አጠገብ ደግሞ ሰርግ ላይ ደረሰ። 11 ሰው አለቀ። ይሄን ካነበብኩ ወዲህ ያ ሰርግ ከሐሳቤ አይወጣም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ድግሱ ቀርቦ።

ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1883፣ እዚሁ ሚኒሶታ ሮቸስተርን መትቶ 37 ሰው ገድሏል። ከተማዋ ሆስፒታል አልነበራትም። ቁስለኛው በዳንስ አዳራሽ ሳይቀር ተኝቶ ታከመ፤ መነኮሳትም አስታመሙት። አለቃቸው እማሆይ አልፍሬድ የከተማዋን ሐኪም ዶክተር ማዮን “ሆስፒታሉን እኛ እንሠራለን፣ አንተ አክም” ብለው ያዙት። ሆስፒታሉ በ1889 ተከፈተ። ማዮ ክሊኒክ እያልን የምናወራለት ታላቅ ሕክምና ያደገው ከዚያ ነው።

ነገሩ የሚነሳው እንዲህ ነው። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ እርጥብና ሞቃት አየር ሽቅብ ይመጣል። ከምዕራብና ከሰሜን ደረቅና ቀዝቃዛው ይገጥመዋል። በመሃል የሚያግድ ተራራ የለም። ንፋሱ ከታችና ከላይ አቅጣጫውና ፍጥነቱ ሲለያይ ደመናው መሽከርከር ይጀምራል። ጁን ላይ ይበዛል፣ ከሰዓት በኋላና አመሻሽ ላይ። በ2010 ጁን 17፣ በአንድ ቀን ብቻ ሚኒሶታ ውስጥ 48 ቶርኔዶ ተቆጥሯል።

እኔ ራሴ አንድ ምሽት አይቼዋለሁ ማለት ይቻላል። ሰማዩ ጎመን የተቀቀለበት ውሃ መሰለ። ንፋሱ ቀጥ አለ። ከዚያ ሳይረኑ፣ የከተማው የማስጠንቀቂያ ጡሩንባ፣ ጮኸ። ልጆቹን ይዤ ወደ ምድር ቤቱ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ወረድኩ። ትንሿ ጫማዋን ግራና ቀኝ አቀያይራ አድርጋለች። ጎረቤታችን አሮጊቷ ትንሽ ራዲዮ ደረታቸው ላይ ይዘዋል። አንዱ ማሽን የማን እንደሆነ ያላወቅነውን ልብስ ያሽከረክራል። ሁላችንም እሱን እያየን ዝም አልን። ሃያ ደቂቃ ያህል። እኛን አልነካንም።

ያ ሳይረን ብዙ ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ። እዚህ ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ ለአየር ጠባይ መጀመሪያ የተነፋው ሜይ 6 ቀን 1965 ነው፣ ስድስት ቶርኔዶ በአንድ ምሽት ሲመታ። 13 ሰው ሞተ። ቤቱ የፈረሰው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ነበር።

የኛ ሰው “እግዚአብሔር ያውቃል” ብሎ መስኮት ላይ ቆሞ ያያል። ቪዲዮም ይቀርጻል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ልጅሽን አደራ በይልኝ። “ዋች” ሲሉ ሊመጣ ይችላል ማለት ነው፣ ይጠንቀቅ። “ዋርኒንግ” ሲሉ ግን ታይቷል ወይም በራዳር ተይዟል፤ ያኔ ጥያቄ የለም፣ ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ከመስኮት ርቆ። ሳይረኑ ደጅ ላለ ሰው ነው፤ ተኝቶ ላይሰማው ይችላል። ስልኩ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ አይዝጋው። መንገድ ላይ ከሆነም ድልድይ ሥር አይጠለል።

በወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ለሙከራ ይነፋል። ድንገት ሲሰማው እንዳይደነግጥ ቀድመሽ ንገሪው። የሚመጣበትን ቀን ላኪልኝ፣ ኤርፖርት የምቀበለው እኔ ነኝ። በእጁ ትንሽ በርበሬ ስጪው፤ የእናቴ ካለቀ ቆየ። ቅዳሜ እደውላለሁ።

እህትሽ