ቱቦውን ለልጆቹ ተውላቸው

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፣

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። የዓይን ሐኪሙ ሌላ ሁለት ሳምንት ቆይ ስላለኝ አሁንም እህትህ ቤት ነኝ። የጎንደር እሳት አደጋ ኃላፊ ሆነህ መሾምህን የሰማን ዕለት እህትህ ቡና አፍልታ፣ ፈንዲሻ በትና፣ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ እልል አስብላለች። በሦስተኛው ቀን ግን ስልኳን ከፍታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ቅዳሜ ገበያ፣ ጭሱ መሐል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቱቦ የያዘው ሰው አንተ ነህ። ዓይኔ ቢደክምም አቋምህን አልስተውም። እሷ "ጀግናው ወንድሜ" እያለች ስታለቅስ እኔ እንቅልፍ አጥቼ አደርኩ። በስልክ ብነግርህ "እሺ አባዬ" ብለህ ትዘጋዋለህ፤ ወረቀት ግን ኪስ ውስጥ ይቀመጣል ብዬ ጻፍኩልህ።

ልጄ፣ ኃላፊ ቱቦ አይዝም።

እንደ ስድብ አትቁጠረው። ድፍረትህን አውቀዋለሁ፣ ከማን እንደወረስከውም አውቃለሁ። ነገር ግን ቱቦ የያዘ ሰው የሚታየው ከፊቱ ያለው ሦስት ሜትር ነው። ከጀርባው ጭሱ ቀለም ሲቀይር፣ ግድግዳው ሲያብጥ፣ የመኪናው ውሃ ሲያልቅ አያይም። ያንን ሁሉ ቆሞ የሚያይ አንድ ሰው ያስፈልጋል። ከተሾምክበት ቀን ጀምሮ ያ ሰው አንተ ነህ፤ ሌላ ማንም የለም።

ስትደርስ ከመኪና ዘለህ አትሩጥ። መንገዱ ከፈቀደ የመጀመሪያው መኪና ቤቱን ትንሽ አልፎ ይቁም፤ ሲያልፍ ሦስቱን ጎን ታያለህ፣ ፊት ለፊቱም ለመሰላል ክፍት ይቀራል። አራተኛውን ጎን በእግርህ ዙረህ እይ። እንደ ቅዳሜ ገበያ መተላለፊያው ጠቦ መዞር ካልተቻለ ሬዲዮ የያዘ ሰው በጀርባ በኩል ላክ። ከዚያ ሦስት ነገር ተናገር፦ ምን እንዳየህ፣ ምን እያደረግህ እንደሆነ፣ ምን እንደምትፈልግ። "ባለ ቆርቆሮ ሱቅ ነው፣ ሁለት ክፍል ይዟል፣ ጭሱ በኮርኒስ ወደ ግራ እየሄደ ነው፣ አንድ ቱቦ ዘርግተናል፣ ሁለተኛው ቦቴ በታችኛው በር ይምጣ፣ መብራት ኃይል መስመሩን ይቁረጥ።" ይኼው በቂ ነው። በሬዲዮ የሚጮህ ኃላፊ ልጆቹን ያስደነግጣል፤ ድምፅህ ዝግ ይበል።

ተናግረህ ስትጨርስ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል፣ ከፍ ያለ ቦታ፣ ሁለት ጎን በሚታይህ በኩል ቁም። ከዚያ አትነቃነቅ። ፖሊሱም፣ የቀበሌው ሰውም፣ የባለሱቁ ዘመድም አንተን ፍለጋ መዞር የለበትም።

ባለሱቆቹን መጀመሪያ የምትጠይቀው ስለ ንብረት አይደለም። "ዘበኛው የት ነው?" በላቸው። ብዙ ሱቅ ውስጥ ሌሊት ሰው ይተኛል፤ በሩ ከውጭ የተቆለፈበትም አለ። ንብረታቸውን ሊያወጡ ወደ ውስጥ የሚሮጡትን የሚያረጋጋ አንድ ሰው መድብላቸው። አንድ ዕቃ ታስወጣለታለህ ብሎ ተስፋ ያደረገ ነጋዴ የከለላችሁበትን ገመድ አይጥስም።

የገበያ እሳት ከመሬት ይልቅ በኮርኒስ ይሄዳል። ከማዳበሪያ ከረጢት ወይም ከአቡጀዲ የተወጠረ ኮርኒስ ባለበት ተርታ፣ ከታች ምንም ሳይታይ ከላይ ሦስተኛው ሱቅ ደርሶ ታገኘዋለህ። ስለዚህ የሚነደውን ሱቅ ብቻ እያሳደድክ ከኋላው አትከተል። ሁለት ሱቅ ቀድመህ ኮርኒሱን በሜንጦ አስወርድ፣ ከላይም ቆርቆሮውን አስነቅል፣ ቱቦ እዚያ አስጠብቅ። ሁለት ሱቅ መተው ያማል፣ ባለቤቱም ይረግምሃል፤ ተርታው ግን ይተርፋል። ያንን የሚወስነው ደግሞ ቆሞ የሚያይ ሰው ነው።

የላሜራ በሩ ተዘግቶ ነበልባል ሳይታይ፣ ጭሱ በስንጥቁ ወጣ ገባ እያለ እንደሚተነፍስ ከሆነ፣ መስታወቱም ጠቁሮ ሲነኩት የሚያቃጥል ከሆነ፣ በሩን ማንም እንዳይከፍት። እዚያ ውስጥ ያለው እሳት የጎደለው አየር ብቻ ነው፤ በሩ ሲከፈት ፈንድቶ ይወጣል። መጀመሪያ ከጣሪያው ጫፍ ቆርቆሮ ይነሳና ትኩሱ ጭስ በላይ ይውጣ። በሩን የሚከፍቱት ልጆች በጎን ሆነው፣ ጎንበስ ብለው፣ ውሃ የሞላ ቱቦ ይዘው ነው። ቆርቆሮውን የሚያነሳው ደግሞ በመሰላል ላይ ሆኖ እንጂ ጣሪያው ላይ ቆሞ አይደለም። የኛ አገር ጣሪያ የባህር ዛፍ ወራጅ ነው፤ ሲነድ ከላይ ቆርቆሮው ምንም ሳይመስል ከስር ይከሰላል። አንተ በቪዲዮው የቆምክበት ጣሪያ ጥግ ላይ ቆርቆሮው ሰማያዊ መስሎ ነበር። አየኸው? አላየኸውም፤ ቱቦ ይዘህ ነበርና።

አሁን ስለ ውሃ። ጎንደር ውሃ የሚቸግረው ከተማ ነው፤ የአንገረብ ግድብ ሲጎድል እያንዳንዱ ቤት ያውቀዋል። ስለዚህ ሒሳቡን በቃልህ ያዝ። አንድ 45 ሚሊሜትር ቱቦ በደቂቃ 400 ሊትር ያህል ይወስዳል። 5,000 ሊትር የጫነ መኪና ሁለት ቱቦ ከዘረጋ ውሃው ከ6 ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ባለ 65 ሚሊሜትሩን ከከፈትክ አንዱ ብቻ በደቂቃ ወደ 900 ሊትር ይጠጣብሃል። ሽቅብ ስትዘረጋ በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ግፊት ይበላል። ወንዝ ወይም ገንዳ ላይ ፓምፕ ስትጥል ደግሞ ከፍታችንን አትርሳ፦ ከተማው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፣ አየሩ ስለሳሳ ፓምፕ ባሕር ዳርቻ የሚስበውን ያህል እዚህ አይስብም። በመጽሐፉ ላይ 7 ሜትር ቢልህ አንተ ከ5 በላይ አትተማመን። ፓምፑ እየጮኸ ውሃ አልመጣ ካለም መጀመሪያ የመምጠጫውን ጎሚኒ፣ ማሸጊያ ላስቲኩን፣ እይ፤ አየር የሚያስገባው እሱ ነው።

ስለዚህ አንድ ሰው ሰዓት ይያዝ። ፓምፑን የያዘው ልጅ ታንኩ ግማሽ ሲደርስ ይንገርህ፣ ሩብ ሲቀር ደግሞ ይንገርህ። ሩብ ሲባል ሁለተኛው ቦቴ ገና ካልደረሰ ውስጥ ያሉትን አስወጣ። አትከራከር፣ "ትንሽ ነው የቀረው" የሚልህንም አትስማ።

የሰሊጡን መጋዘን ታሪክ በቤታችን ስንተርከው ሰምተህ አድገሃል። የአጎትህን ግራ እጅም በየቀኑ ታያለህ። እናትህ እንኳን የማታውቀውን ልንገርህ። ያን ሌሊት የፈረቃው መሪ እኔ ነበርኩ። ቱቦ ያዝኩ። መኪናውን የቅያሱ አፍ ላይ አቁመን ስለነበር ሁለተኛው ቦቴ መጥቶ ከኋላችን ታግቶ ቀረ፤ ዞሮ በታች ይግባ የሚለው ሰው አልነበረም። ፓምፕ የያዘው ልጅ ውሃው ማለቁን ሁለት ጊዜ ተጣርቷል፤ በሞተሩ ጩኸት ማን ይስማው? ውሃ የሞላ ቱቦ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። መጀመሪያ እጅህ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ከዚያ ይለሰልሳል፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል። ይኼ ሁሉ የአንድ ትንፋሽ ጊዜ ነው። እኔ በሩ ጋ ስለነበርኩ ወጣሁ። አጎትህ ከውስጥ ነበረ፣ እንደገባ የመዘገበ ሰው ግን አልነበረም። "ሁላችንም ወጥተናል" ያልኩት እኔ ነኝ። ያወጡት የሰፈር ልጆች ናቸው። በማግስቱ ሰው ሁሉ እኔን ጀግና አለ፣ ወረቀትም ተሰጠኝ። አጎትህ እስከ ዛሬ አንድም ቀን አልወቀሰኝም፤ የሚከብደኝም እሱ ነው።

አሁን ገባህ? ቱቦ አትያዝ የምልህ ፈርቼልህ ብቻ አይደለም።

አንድ ሰሌዳ ይኑርህ። የገባው ሰው ስም፣ የገባበት ሰዓት፣ የሚተነፍስበት የአየር ሲሊንደር ግፊት ይጻፍበት። ሁለት ሁለት ሆነው ይግቡ፣ ሁለት ሌሎች ለብሰው ውጭ ይጠብቁ። 300 ባር የተሞላ ባለ 6.8 ሊትር ሲሊንደር 2,000 ሊትር ያህል አየር አለው፤ ሥራ ላይ ያለና የደነገጠ ሰው ግን ከ25 ደቂቃ በላይ ያደርሰዋል ብለህ አታስብ። አየር እያለቀ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ፉጨት የሚጮኸው 50 ባር ገደማ ላይ ነው፤ ያኔ ለመውጣት መነሳት ረፍዷል፣ ሲጮህ በሩ ጋ መሆን አለባቸው። በየ10 ደቂቃው በስም ጥራቸው። መልስ የማይሰጥ ካለ ሌላው ሥራ ሁሉ ይቁም። የወደቀ የመብራት ሽቦ ካለ ተቆርጧል እስኪሉህ ድረስ ሰው 10 ሜትር ይራቅ። ሁለት ሲሊንደር የጨረሰ ልጅ ይቀመጥ፣ ውሃ ይጠጣ፣ ፊቱንና አንገቱን ይታጠብ፤ ያንን ጥቀርሻ ይዞ ቤቱ ገብቶ ልጁን እንዳያቅፍ።

እሳት በሌለበት ቀን ደግሞ ሥራህ ይበዛል። በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል የመንገዱ መጨናነቅ ምን እንዳደረገ ሁላችንም አይተናል። መኪናውን አስነስተህ በገበያ ቀን፣ በቀትር፣ ቅዳሜ ገበያን ዙር። የት ላይ ሸራው መስታወትህን እንደሚነካ ጻፍ። ፒያሳ የጣሊያን ጊዜ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ጠንካራ ቢሆንም ውስጣቸው በኮምፔንሳቶ የተከፋፈለውን ለይ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሂድና ከአስተዳዳሪው ጋር ቁጭ በል። በ1880 ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል የተረፈች ቤተ ክርስቲያን በእኛ ዘመን በሻማ እንዳትጠፋ። ጣሪያዋ ሣር ነው፤ በሣር ክዳን ላይ ውሃ ይንሸራተታል፣ እሳቱ ከስር ይሄዳል፣ ስለዚህ ነቅሎ ማውረድን ቀድመህ አስብበት። ኮርኒሷ ላይ ያሉት መላእክት ደግሞ በጠንካራ ውሃ ከተመቱ ከእሳቱ ባልተናነሰ ይጠፋሉ፤ ውሃው በብናኝ ይረጭ። በበጋ በቅጥሩ ዙሪያ ያለው ደረቅ ሣር ይታጨድ። የፋሲል መዋኛን በውሃ ምንጭነት አትመዝግበው፤ የሚሞላው ለጥምቀት ነው። ለጥምቀትም ታቦታቱ ሳይወጡ መኪኖቹን ከመንገዱ በሁለቱም ወገን አስቀምጥ፤ ሕዝቡ ከሞላ በኋላ ማለፍ አይታሰብም።

ከዕርዳታ የመጣ መኪና ሁሉ የራሱ መጋጠሚያ አለው። የሁሉንም መጋጠሚያ ከሁሉም ጋር ሞክር፣ ማያያዣ አስቀርጽ፣ በየመኪናው ሁለት ሁለት አስቀምጥ። እሳት ላይ ደርሶ አልገጥም ያለ ቱቦ ጨርቅ ነው። ቱቦ እርጥብ ሆኖ አይጠቅለል፣ ተሰቅሎ ይድረቅ፤ በዓመት አንዴ በግፊት ይፈተን። በጀት ስትጠይቅ "መሣሪያ" ብለህ አትጻፍ፤ "የሲሊንደር ምርመራ፣ ጎማ፣ ጎሚኒ፣ ማስክ" ብለህ በቁጥር ጻፍ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። ውሃ ሲጠፋ ይደወልልሃል። "ለሠርግ ነው፣ ለተዝካር ነው፣ ለእንትን መሥሪያ ቤት ነው፣ አንድ ቦቴ ብቻ።" የሚደውልልህ የምታከብረው ሰው ይሆናል፣ ምናልባት የእኛው ዘመድ። እምቢ በል። በትህትና፣ ግን እምቢ በል። ታንኩ ባዶውን ድግስ ቤት ደጅ ቆሞ ሳለ ስልክ ቢጮህ ለማን ትመልሳለህ? አክስትህም ብትሆን እምቢ በላት፣ እኔ አስታርቃችኋለሁ።

የምትመራቸውን ልጆች ሰው ፊት አትቆጣ። ጥፋት ካለ መኪናው ታጥቦ፣ ቱቦው ተሰቅሎ፣ ሻይ ተጠጥቶ፣ በዚያው ቀን ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። መጀመሪያ የራስህን ጥፋት ተናገር፤ ያኔ እነሱም ይናገራሉ። ቅዳሜ ገበያ ጣሪያ ላይ ከመውጣትህ ልትጀምር ትችላለህ።

እናትህ ጋ ዛሬውኑ እለፍ። የቡታጋዟ ጎማ ከመጋጠሚያው ሥር ተሰነጣጥቋል፣ ሳልቀይረው ነው የመጣሁት። አዲስ ግዛ፣ ከነማሰሪያው። ከገጠምክ በኋላ የሳሙና አረፋ ቀባው፤ አረፋው ከተነፋ ያፈሳል ማለት ነው። ክብሪት እንዳትጭርበት። ሲሊንደሩንም ከምድጃው አጠገብ አንስተህ ወደ መስኮቱ አቁምላት።

እግረ መንገድህን ሳሎን የተሰቀለውን የምስጋና ወረቀቴን አውርደህ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስቀምጠው። እናትህ ለምን ብላ ከጠየቀችህ ስመጣ ራሴ እነግራታለሁ።

አባትህ