የመኪና ክበብ፦ በአሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ጨዋታ ያለፈ ዓመት

የመኪና ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የተነጋገረው ስለ አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች ነው። መስከረም ላይ ርዕስ ስንመርጥ አብዛኞቹ አባላት ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ይሁን ብለው ነበር። ሐሳባቸውን ያስቀየረችው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቨርጂኒያ የሚኖሩት አጎቷ እሁድ እሁድ ጠዋት የአሮጌ መኪና ወዳጆች ወደሚገናኙበት ሜዳ ይሄዳሉ። እዚያ የቀረጹትን ቪዲዮ ላኩላት፤ እሷም አምጥታ አሳየችን።

ቪዲዮው ላይ ምንም የተለየ ነገር የለም። ሰዎቹ መኪናቸውን ደርድረው፣ ኮፈኑን ከፍተው፣ ታጣፊ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ቡና ይጠጣሉ። የማይተዋወቁ ሰዎች ይመጡና ጨዋታ ይጀምራሉ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?" ነው። ሁለተኛው ደግሞ "ሞተሩ የራሷ ነው?" የሚል ነው። ሊብሬ ላይ የሻንሲ (የመኪናዋ የብረት አጽም) እና የሞተር ቁጥር ተጽፎ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ከፋብሪካ ስትወጣ የተገጠመላት ሞተር አሁንም ያላት መኪና በወዳጆቹ ዘንድ ክብሯም ዋጋዋም ከፍ ይላል።

እኛም ክበባችንን እንደዚያ አደረግነው። ሌክቸር የለም። አርብ አርብ ከክፍል በኋላ ተሰብስበን አንዱ የመረጣትን መኪና ይዞ ይመጣል፤ ሌሎቻችን እንጠይቃለን። አንድ ደንብ ብቻ አወጣን፦ ማንም ሰው "በምን አወቅክ?" ብሎ የመጠየቅ መብት አለው። ዓመቱን ያሳመረው ይህ ደንብ ነው ብዬ አምናለሁ።

የመጀመሪያዋ እንግዳችን ፎርድ ሞዴል ቲ ነበረች። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በ1913 ሚሺጋን ውስጥ፣ ሃይላንድ ፓርክ በሚገኘው ፋብሪካ መኪናዋ በሠራተኞቹ ፊት እየተንቀሳቀሰች እንድትገጣጠም ሲደረግ፣ ከ12 ሰዓት በላይ ይወስድ የነበረው የሻንሲ ሥራ ወደ 93 ደቂቃ ወረደ። ያቀረበው ልጅ "ሁሉም ጥቁር ነበሩ" ሲል ከኋላ "በምን አወቅክ?" ተባለ። ሁለቱም ሄደው አነበቡ። ጥቁር ብቻ የነበረችው ከ1914 እስከ 1925 ነው፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሌላ ቀለም ነበራት። ያቀረበው ልጅ በሚቀጥለው አርብ ራሱ ተነስቶ አስተካከለ። እኔ በጣም ኮራሁበት።

አነዳዷም ብዙ አነጋገረን። ነዳጅ የሚሰጠው በእግር ሳይሆን መሪው ሥር ባለ ዘንግ በእጅ ነው። እግር ሥር ያሉት ሦስት ፔዳሎች ናቸው፤ ግራው የማርሽ፣ መሐለኛው የኋላ ማርሽ፣ ቀኙ የፍሬን። ልጆቹ ሦስት ወንበር ደርድረው ሲለማመዱ መንጃ ፈቃድ ያለን መምህራን ሁሉ ግራ ተጋባን። ለማስነሳትም ከፊት የሚገባውን ብረት በእጅ ማዞር ነበረባቸው፤ ብረቱ ወደኋላ ሲመታ እጅ ይሰብር ነበር። በ1912 ካዲላክ የተባለው የመኪና ኩባንያ፣ መሐንዲስ ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራውን የኤሌክትሪክ ሞተሪኖ (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳ ዕቃ) ገጠመ። በየቀኑ ቁልፍ አዙረን ስንነሳ የምናስታውሰው ነገር አይደለም፤ ግን ትልቅ ሥራ ነበር።

ከሁሉ የደመቀው የጥር ወር ነው። የ1959ን ካዲላክ ያቀረቡት ሁለት ተማሪዎች ፎቶ ማሳየት አይበቃም አሉ። ሜትርና ጠመኔ ይዘው ወጥተው መኪናዋን በልኳ ግቢያችን ውስጥ መሬት ላይ ሳሏት። ርዝመቷ 5 ሜትር ከ70፣ ስፋቷ 2 ሜትር። ከዚያ የአንድ መምህር ቪትዝ ሥዕሉ ውስጥ እንድትቆም ለመኑ። ከፊትም ከኋላም ሰፊ ቦታ ተረፈ። የትምህርት ቤቱ ሕፃናት ሳይቀሩ ተሰበሰቡ። እዚያው ቆመን ስለ ኋላ ክንፎቿ ተነጋገርን። ክንፍ በካዲላክ የተጀመረው በ1948 ነው፤ መነሻውም ፒ-38 የተባለው የጦር አውሮፕላን ጭራ ነበር። በየዓመቱ ከፍ እያለ ሄዶ በ1959 ጫፍ ደረሰ። ለፍጥነቷ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ሰው ዓይቶ እንዲመኛት ነው።

እኔ ግን ከሁሉ የ1955ን ሸቭሮሌ ቤል ኤር እመርጣለሁ። ልኳ የተመጠነ ነው፤ ጌጧም አልበዛም። ያኔ የገባላት 4.3 ሊትር ገደማ የሆነ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር ትንሽ፣ ቀላልና ለመጠገን ምቹ ነበር። የሱ ዝርያ በጣም ከመርዘሙ የተነሳ ጄኔራል ሞተርስ በ2011 የቤተሰቡን 100 ሚሊዮንኛ ሞተር ሠርቷል። የካዲላክ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙልኝም።

ስለ ደህንነት ጥያቄ ያነሳችው አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ናት። "ቢያምሩም አደጋ ሲደርስስ?" አለች። ቤቱ ዝም አለ። አብዛኞቹ ቀበቶ አልነበራቸውም፤ አዲስ መኪና ሁሉ ቀበቶ እንዲኖረው በአሜሪካ ግዴታ የሆነው ከ1968 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው መኪና ሲያቀርብ ስለ ፍሬንና ስለ ቀበቶ ሳይናገር አይቀመጥም።

በመጋቢት ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ያለ ጋራዥ ጎበኘን። ባለቤቱ ዕድሜያቸውን በዚህ ሥራ ያሳለፉ አዛውንት ናቸው። የድሮ ቮልስዋገን ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ዕቃ) ፈትተው አሳዩን፤ የነዚያ የአሜሪካ መኪኖችም አሠራር በመሠረቱ ያው ነው። "ጋሼ፣ ኮምፒውተር ሳይኖር በምን ያውቃሉ?" አላቸው አንዱ። "ካንዴላዋ ትናገራለች፣ ልጄ" አሉት። ካንዴላ ሞተሩ ውስጥ ብልጭታ ሰጥታ ነዳጁን የምታቀጣጥል ትንሽ ዕቃ ናት። ጥቁር ጥላሸት ከያዘች ነዳጅ በዝቷል። ከነጣች አንሷል። ቡኒ ከሆነች ሞተሩ ሰላም ነው። ተማሪዎቹ ካንዴላውን እየተቀባበሉ አዩ።

የዓመቱ ትልቁ ክርክር የተነሳው ከዚህ ጉብኝት በኋላ ነው። አሮጌ መኪና ታድሶ እንደ አዲስ ይሁን ወይስ እንዳረጀ ይቆይ? አንዱ ወገን የሃቫናን መኪኖች አነሳ። ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ኩባ ከአሜሪካ መለዋወጫ ማግኘት ስላልቻለች መካኒኮቹ የሩሲያ ሞተር ሳይቀር እየገጠሙ ታክሲ አድርገው ይሠሩባቸዋል። "ሞተሩ የራሷ ነው?" ከተባለ መልሱ አይደለም ነው። ታዲያ ሸቭሮሌ መሆኗ ይቀራል? የኔ አቋም ግልጽ ነው። ሰው የምታጓጉዝ መኪና ባገኘችው ሞተር ትኑር፤ ክብር ይገባታል። የፋብሪካ ቀለሟን ይዛ የቆየች ግን ስቱኮና አዲስ ቀለም አይንካት። አንዴ ከተፋቀ ያ ቀለም አይመለስም። ግማሾቹ ዝገት እያዩ ዝም ማለት ጥፋት ነው ብለው ጸኑ። ድምፅ አልሰጠንም።

ፎርድ ማስታንግን (1964) እና ሰው ያልወደዳትን ኤድሰልን በሰኔ ቸኩለን አለፍናቸው። ፈተና ደርሶ ነበር። ለመጪው ዓመት ያቆየናቸው ተከር፣ ፓካርድና ስቱድቤከር ናቸው፤ ፋብሪካዎቻቸው ለምን እንደተዘጉ አባላቱ በክረምቱ እያነበቡ ነው። ከ1973 የነዳጅ ችግር በኋላ ትልልቆቹ መኪኖች ምን እንደሆኑም እናያለን። መግባት የሚፈልግ ተማሪ በመስከረም የመጀመሪያው አርብ አንድ መኪና መርጦ ይምጣ። "በምን አወቅክ?" መባሉ አይቀርም።